የዛሬ ሦስት ቀን

ኡርሚል የደጋሽ ልጅ ናት። አባቷ ፓንዲት ዴቭኪ ናንዳን «ቦቲ»፣ ማለትም የሠርግ ምግብ አብሳይ ነበሩ፤ በሕንድ አገር በቻምባ ተራሮች ደግሞ ያለ ቦቲ ሠርግ አይደገስም። ቦቲው ሲመጣ መሬት ተቆፍሮ ረዥም የእሳት ቦይ ይወጣል፣ የናስ ድስቶች በላዩ በተርታ ይጣዳሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሙሽራው አባት እንኳ ወደ ምድጃው ድርሽ አይልም። ሴትማ ፈጽሞ። ኡርሚል ግን ጣሪያ ነበራት። የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥታ በሆዷ ተኝታ አባቷን ቁልቁል ስታይ ትውላለች፤ እናቷ «ይቺ ልጅ ድመት ሆና ቀረች» እያሉ ያማርራሉ።

ከጣሪያ ላይ ያየችው ወጥ አልነበረም፤ ተራ ነበር፣ ምን ከምን እንደሚቀድም። ቦሎቄው በዋዜማው ይነከራል፣ በማግስቱ ማንም ሳይነቃ ይጣዳል፣ እርጎው የሚገባው ቦሎቄው እጅ ሲሰጥ ነው፣ ሩዙ የሚወጣው እንግዳው መሬት ላይ በረድፍ ሲቀመጥ ብቻ ነው። አንድ ቀን አባቷን ጣፋጩ ሩዝ ለምን መጨረሻ እንደሚቀርብ ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ ቢበላ ምን ይሆናል?

አባቷ ሳቁ። «ምንም አይሆንም። ቦሎቄው ሳይነከር ቢጣድ ግን እንግዳው ጥርሱን ይሰብራል። አንዱን ነገሩ ራሱ ይፈልገዋል፣ ሌላውን እኛ ለምደነው ነው» አሏት።

ልጅቱ አድጋ የመንገድና የድልድይ ዲፕሎማዋን ስትይዝ ማሃጃን ሳሂብ የተባሉ ሥራ ተቋራጭ ቀጠሯት። የቀጠሯት ወደዋት አይደለም። የመንግሥት ጨረታው «መርሐ ግብር የሚያወጣ ባለሙያ ስም ይጠቀስ» ስለሚል ነው። ስሟን ጠቀሱ፣ ወንበር ሰጧት፣ ከዚያ ረሷት። እሳቸው ዘንድ መርሐ ግብር ማለት ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንግዳ የሚያየው ባለ ቀለም ወረቀት ነው። «ሥራ ራሱ መንገዱን ያውቃል» ይሉ ነበር። ያ መንገዱን የሚያውቀው ሥራቸው ግን በየዓመቱ ክረምት መንገድ ላይ እየደረሰበት ያድር ነበር።

ኡርሚል ተረስቶ መቀመጥ አልፈጠረባትም። በእጇ የገባውን ሥራ ሁሉ በትናንሽ የወረቀት ቁራጮች ትጽፍና ወለል ላይ ትዘረጋቸዋለች፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በየላያቸው ጠጠር ትጭናለች። ከዚያ ትንበረከክና አንድ በአንድ ታነጋግራቸዋለች። «አንተ ማንን ነው የምትጠብቀው? አንተስ? ፌሮው ሳይታሰር ወዴት ነው የምትሮጠው?» ሠራተኛው በበር በኩል እያየ ይስቃል። ከሁሉም የሚብሰው ፎርማኑ ጃግታር ነው፤ ከፓታንኮት የመጣ፣ ጥምጥሙ ሁልጊዜ የሲሚንቶ አቧራ የለበሰ፣ ነገር የሚወድ ሲኽ። «ማዳም፣ የሚመልሱልዎት ቀን ለእኔም ይጥሩኝ» ይላታል። እሷም በዕድሜ ታላቋ ስለሆነ «ፓጂ» ትለዋለች፤ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። ወንድም ጋሼ ብላ ግን አትለቀውም፣ ጠጠሩን አስይዛ ከአጠገቧ ታንበረክከዋለች።

የባኖቲ ድልድይ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ባኖቲ ከመኪና መንገዱ ማዶ ያለች መንደር ናት። በመካከል ጉንጊ የምትባል ጅረት አለች። ጉንጊ ማለት ዲዳ ማለት ነው፤ በበጋ ድምፅ የላትም፣ ልጆች በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ይሻገሯታል። ክረምት ሲገባ ግን ዲዳዋ አፍ ታወጣለች። የባኖቲ ሰዎች በየዓመቱ ሁለት ግንድ ጥለው ድልድይ ይሠራሉ፣ በየዓመቱ ጉንጊ ትበላቸዋለች፣ ከዚያ ሰማዩ እስኪጠራ ድረስ ማዶ ያለ ማዶ፣ ወዲህ ያለ ወዲህ ይቀራል። በዚያ ክረምት አርማታ ድልድይ ካልቆመ ደግሞ የተመደበው በጀት ወደ ሌላ ሸለቆ እንደሚዞር ሁሉም ያውቅ ነበር።

ኡርሚል ሥራውን ያቀደችው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ ክረምቱን መሬት ላይ አስቀመጠችና ትልቅ ድንጋይ ጫነችበት፤ እሱ የማይገፋ ነው። ከእሱ በፊት ሶሌታውን፣ የድልድዩን የአርማታ ወለል፣ የተሸከሙት ድጋፎች ከጅረቱ ወለል መውጣት አለባቸው፤ ጎርፍ ካገኛቸው ይጠርጋቸዋል። ድጋፎቹ ከመውጣታቸው በፊት ሶሌታው ሦስት ሳምንት ውሃ እየጠጣ መጠንከር አለበት። ከዚያ በፊት ፌሮው፣ ከፌሮው በፊት አርማታው የሚፈስበት የእንጨት ፎርማ፣ ከሁሉም በፊት ግራና ቀኝ የሚቆሙት መሠረቶች። እነሱን ጉንጊ ድምፅ በሌላት በብርዱ ወራት አደረገቻቸው። ከጃርካንድ የመጡት የቀን ሠራተኞች ሩዝ ለመትከል አገራቸው የሚገቡበትን ወቅት አስገባች። አሸዋ የሚጭነው ባለ በቅሎ ልጁን የሚድርበትን ሳምንት አስገባች። የጃግታርን የእህት ልጅ ሠርግ ሳይቀር አስገብታ ስታነብለት ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሥራው እንደታቀደው ሄደ። መሠረቶቹ በብርድ ወጡ፣ ድጋፎቹ ቆሙ፣ ፎርማው ተነጠፈ፣ ፌሮው መታሰር ጀመረ። ይኼኔ ኡርሚልን የወፍ በሽታ ያዛት። ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ቻምባ እናቷ ቤት ተኛች፤ ሥራውን በስልክ ትከታተል ጀመር። የሸለቆው ስልክ ደግሞ ደህና ሰው የሚያሳምም ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእነሱ ቋንቋ ትናንትም ነገም አንድ ቃል ነው፤ «ካል»። ከትናንት ወዲያና ከነገ ወዲያም እንደዚያው አንድ ናቸው፤ ሦስት ቀንም ወደ ኋላ ይቆጠር ወደ ፊት ስሙ ያው ነው። ያለፈውን ከሚመጣው የሚለየው መጨረሻ ላይ የሚገባው ማሰሪያ ግስ ብቻ ነው። ደግሞ አንሳቅባቸው፤ እኛም «የዛሬ ሳምንት» ስንል የመጣንበት ይሁን የምንሄድበት የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲታሰር ነው።

ጃግታር ደወለ። «ማዳም፣ ሶሌታው የዛሬ ሦስት ቀን—» አለ፣ መስመሩ ተንኮሻኮሸና ጠፋ።

ኡርሚል ስልኩን ትራሷ አጠገብ አስቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። በመርሐ ግብሯ መሠረት ሶሌታው መሞላት ከነበረበት ቀን ያ ዕለት ልክ ሦስተኛው ቀን ነበር። የጎደለውን ግስ ጆሮዋ ራሱ ሞላው፤ ተሞላ። ደስ አላት። ከዚያ በኋላ ስትደውል የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ውሃ እየጠጣ ነው? እየጠጣ ነው ይላታል ጃግታር። እሱ ደግሞ እውነቱን ነው፤ በጠየቀችው ጊዜ ሁሉ እየጠጣ ነበር። ሲሚንቶው ከፓታንኮት ሲመጣ መንገድ ላይ ናዳ አግዶት መዘግየቱን ሊነግራት የደወለው በዚያ ቀን ነበር፤ ነግሬያታለሁ ብሎም ልቡን አሳርፏል።

ዓይኗ ገና ሳይጠራ ወደ ሥራ ቦታው ተመለሰች። ሬዲዮው ክረምቱ ዘንድሮ ቸኩሎ እየመጣ ነው ይላል። ኡርሚል አልደነገጠችም። ሶሌታው ላይ ወጥታ እርጥቡን ጭድ በጫማዋ ገለጥ አድርጋ አየች፣ ወረደችና ማክሰኞ ድጋፎቹን እንደሚያነሱ ለጃግታር ነገረችው።

«የትኛው ማክሰኞ?» አለ ጃግታር።

«ይሄ የሚመጣው ነዋ። ሦስት ሳምንቱ ሞላ እኮ።»

ጃግታር ጥምጥሙን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ማዳም፣ የሚመጣው ማክሰኞማ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው።»

«የዛሬ ሦስት ቀን ብለውኝ ነበር!»

«ብያለሁ። የዛሬ ሦስት ቀን ይሞላል ነው ያልኩት።»

«'ይሞላል' አላሉም።»

«ብያለሁ እንጂ! እኔ ብያለሁ፣ ስልኩ ነው የዋጠው። ደግሞስ ሦስት ቀን አልፎት ቢሆን ምን ሊያደርግልኝ እደውላለሁ? እንኳን ደስ አለዎት ልልዎት?»

ኡርሚል ክው አለች። ቢጫ የነበረው ፊቷ አመድ መሰለ። ጃግታርን ልትሰድበው አፏ ድረስ የመጣ ነገር ነበር፤ ዋጠችው። እውነቱ ቁልጭ ብሎ ታይቷታል። በእነዚያ ሁሉ ስልኮች ውስጥ አንድም ጊዜ የተሞላው በምን ቀን ነው ብላ አልጠየቀችም። ወረቀቷ ስለነገራት ሰውየውን መጠየቅ አላስፈለጋትም ነበር። በራሷ አፈረች፣ በጣም አፈረች።

ለማፈር ግን ጊዜ አልነበረም። ሶሌታው ስድስት ቀን ጎድሎታል፣ ሰማዩ ደግሞ እነዚያን ስድስት ቀኖች ሊሰጣት የሚያስብ አይመስልም። ድጋፉን ማክሰኞ ብታነሳው ያልበሰለው አርማታ በሰው ላይ ሊወርድ ይችላል። ብትተወው ጎርፉ መጥቶ ድጋፉንም አርማታውንም አብሮ ይወስዳል። የባኖቲ ድልድይ ከሁለቱ መሀል ተሰንቅሮ ቆመ።

በማግስቱ ማሃጃን ሳሂብ በጂፕ ደረሱ። ጉዳዩን ሰምተው አንዴ እሷን አንዴ ጃግታርን አዩና በመጀመሪያ የጠየቁት ስህተቱ የማን እንደሆነ ነው።

«የሁለታችንም ነው» አለች ኡርሚል። ጃግታር ቀና ብሎ አያት፤ እንዲህ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም።

ሳሂብ ድጋፉ ማክሰኞ ይነሳ አሉ። ኮንክሪት የቀን መቁጠሪያ እንደማያነብ፣ እሳቸው በሃያ ዓመት ሥራቸው ከዚህ የባሰ ጥሬ ሶሌታ ቆሞ ሲሄድ እንዳዩ ተናገሩ። ከወደቀም ጎርፍ ወሰደው ይባላል። «ጎርፍን ማን ከሶ ያውቃል?» አሉ።

«ድጋፉን የሚነቅሉት ሰዎች ከሥሩ ነው የሚቆሙት፣ ሳሂብ። እነሱንስ ማን ወሰዳቸው እንበል?»

ሳሂብ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው፣ ፈሪ ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ የባሰ ነገር ያደርጋል። ኡርሚል ቀጠለች። ድጋፍ ይነሳ የሚለው ትእዛዝ ያለ እሷ ፊርማ እንደማይሄድ፣ እሷም ዕድሜው ሳይሞላ እንደማትፈርም ነገረቻቸው። ሊያባርሯት ከፈለጉ እሷንም ጃግታርንም ያባርሩ፤ ግን ሶሌታው በራሱ ከቆመ በኋላ። ሰውዬው ይሄን ድፍረት ከየት እንዳመጣችው ገርሟቸው ጂፓቸው ውስጥ ገቡ፤ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሌላ መላ ካላት እስከ ማክሰኞ ታሳያቸው ብለው ሄዱ።

ኡርሚል የጅረቱ ወለል ላይ፣ እዚያው ድጋፎቹ ሥር ተቀመጠች። የቀሩትን ሥራዎች የያዙትን ወረቀቶች ከቦርሳዋ አወጣችና አሸዋው ላይ ዘረጋቻቸው። ጃግታር ሳይጠራ መጥቶ ጠጠር ማቀበል ጀመረ። ሶሌታው ውሃ መጠጣት፣ ድጋፍ ማንሳት፣ የእጅ መደገፊያ ብረት ማቆም፣ ለሰው መክፈት። መጨረሻ ላይ፣ ከክረምቱ ድንጋይ ማዶ፣ አንዲት ቁራጭ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ የዳርቻ ጋቢዮን። በሽቦ ቅርጫት ድንጋይ ሞልተው ዳርቻውን የሚከልሉበት፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ የሚሠራ ሥራ ነው።

«ይቺ ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለች ኡርሚል።

«ጋቢዮን? ጋቢዮን መጨረሻ ነው።»

«ለምን ፓጂ?»

«መጨረሻ ስለሆነ ነዋ! ሁልጊዜም መጨረሻ ነው። አባቴም መጨረሻ ነው ያደረገው።»

«ፌሮ ከኮንክሪት በፊት የሚሆነው ግድ ስለሆነ ነው። ይቺን ግን መጨረሻ ያደረገቻት የትኛዋ ሥራ ናት? ድልድዩ ሳያልቅ ድንጋይ በቅርጫት አይሞላም ያለ ማን ነው? ሽቦው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ የለም?»

ጃግታር ወደ መጋዘኑ ዞሮ አየ። ሽቦው ከብረቱ ጋር በአንድ መኪና መጥቶ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ድንጋዩ እግራቸው ሥር ነው። ድጋፎቹን ሲያቆሙ ደግሞ እሱ ራሱ በባኖቲ በኩል ውሃው የሚያልፍበት በር ትቶ፣ ከበሩ በላይ ያለውን ሶሌታ በድጋፍ ፈንታ በሁለት ብረት አሸክሞታል። ያንን በር ማስፋት አይቻልም፤ ውሃው በሚመጣበት በኩል ግን የድንጋይ ግድግዳ አዙረው ውሃውን ወደዚያ በር መንዳት ይቻላል፣ ከብት ወደ በረት እንደሚነዳ። ጃግታር ይሄን ሲረዳ ተነስቶ የጅረቱን ወለል በእርምጃው ይለካ ጀመር፤ ሲመለስ የሚያሾፍበት ነገር አልነበረውም። ሰው አንሶናል አለ። የጃርካንድ ልጆች ግማሾቹ ለሩዝ ተከላው ሄደዋል፣ የቀሩት ይሄን በማክሰኞ ቀርቶ በወሩ አይጨርሱትም።

ኡርሚል ያኔውኑ ወደ ባኖቲ ወጣች። በሽታው ጉልበቷን በልቶት ስለነበር ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጣለች። የባኖቲ ሰው በቆሎ ኩትኳቶ ላይ ነው፤ ወንዶቹ ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ሰሟት፣ አዘኑላት፣ ከኩትኳቶው በኋላ እንደሚመጡም ቃል ገቡላት። አሮጊቷ ሻንክሪ ከዳር ሆና ሱፍ ትፈትላለች። ልጇ ያገባችው ከጉንጊ ማዶ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር እናትና ልጅ በዳርና በዳር ቆመው በእጅ ምልክት ሲነጋገሩ የሚያይ ሰው ሆዱ ይባባል።

«ከኩትኳቶው በኋላ!» አለች ሻንክሪ እንዝርቷን አስቀምጣ። «እናንተ ሁልጊዜ ከሆነ ነገር በኋላ ናችሁ። ጉንጊ እናንተ በቆሎ እስክትኮተኩቱ ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣ መሰላችሁ? ይቺ ልጅ ቢጫ ዓይኗን ይዛ ዳገት ወጥታ መጣች፣ እናንተ ቁልቁል መውረድ አቃታችሁ። ተዉት፣ እኔ እሄዳለሁ። አሮጊት ድንጋይ ስትሸከም ከሻይ ቤት ሆናችሁ እዩኝ።» ተነስታም ወረደች። አንድ አሮጊት ብቻዋን ዳገቱን ስትወርድ እያዩ ሻይ መጠጣት ለካ ከባድ ነው፤ እያጉረመረሙ ተከተሏት።

እንግዲህ የሆነውን ማየት ነበር። ኡርሚል ሰዉን ከፈለችው። ሽቦ የሚዘረጉ ከላይ፣ ድንጋይ የሚያቀብሉ በሰልፍ፣ ቅርጫት የሚሞሉ ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት። መጀመሪያ የሚቆመው ውሃው ከሁሉ በፊት የሚመታው ጥግ ነው፤ ሥራው ከሚቀለው ዳር ሳይሆን ከሚያስፈራው ጀመረ። ትልልቁ ድንጋይ በውጭ፣ ትንንሹ በመሀል። ሴቶቹ የዘፈን ቅብብል ጀመሩ፣ ወንዶቹ በሴቶች ላለመበለጥ ወገባቸውን አሰሩ። በዚያ ቦታ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ካል» የሚለው ቃል ተከለከለ። ቀን በስሙ ካልተጠራ ኡርሚል አትሰማም። ሠራተኛው መቀለጃ አደረጋት፤ ሻይ አፍዪው መቼ ታመጣለህ ሲሉት «ዛሬ እሑድ፣ አሁን፣ በዚህ እጄ» ይላል። እሷም ትስቃለች፣ ግን ሕጉን አላነሳችም።

ማክሰኞ ማሃጃን ሳሂብ ሲመጡ የድንጋዩ ግድግዳ ከሰው ወገብ በላይ ሆኖ ጅረቱን አቋርጦ ታጥፏል። ዙሪያውን ዞረው አዩት፣ በእግራቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። ስለ ድጋፍ ማንሳት አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ሲሄዱ ሹፌራቸውን ለሰዉ ምሳ እንዲያመጣ አዘዙት። ለእሳቸው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ዝናቡ በዚያው ሳምንት ገባ። ከሰዓት በኋላ ላይኛው ተራራ ጠቆረና ጉንጊ ድምፅ ማሰማት ጀመረች። መጀመሪያ ውሃው ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ቅርንጫፍና ጭራሮ ይዞ መጣ፣ ከዚያ ድንጋይ ለድንጋይ ሲጋጭ ከወለሉ ይሰማ ጀመር። ሰው ሁሉ ዳር ላይ ቆሟል። ኡርሚል ከመሠረቱ ጎን ጃንጥላ ሳትይዝ ቆማ ታያለች። ውሃው ጋቢዮኑን ሲመታ ተነሳና ሊዘለው ቃጣ፣ ከዚያ ታጥፎ በባኖቲ በኩል ወዳለው በር እየተጋፋ ገባ። አንድ ተነቅሎ የመጣ ግንድ ከግድግዳው በላይ ዘሎ ዳር የነበሩ ድጋፎችን መታ፤ ሁለቱ ተሰብረው ሄዱ። ሰዉ ኡኡ አለ። ሌሎቹ ግን ቆሙ፣ በእነሱም ላይ ሶሌታው ቆመ። ጃግታር ወደ አምላኩ ይጸልይ ነበር። ሲመሽ ውሃው ጎደለ።

የቀሩትን ቀናት እንዲህ በፍርሃት አሳለፏቸው። ከሰዓት ውሃው ሲመጣ ሰው ይወጣል፣ ጠዋት ሲጎድል ገብተው የተናጋውን ቅርጫት ይሞላሉ፣ የተሰበረውን ድጋፍ ይተካሉ። አንድ ቀን ጃግታር ከሦስት ሳምንቱ ሁለት ቀን ቢጎድል ምን ይሆናል ብሎ ሞከራት። ኡርሚል በዓይኗ ብቻ መለሰችለት፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።

ቀኑ ሞላ። አንድ ጠዋት፣ ውሃው በጎደለበት ሰዓት፣ ድጋፉ ይነሳ ተባለ። ሠራተኞቹ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። ያንን ሁሉ ጎርፍ የተቋቋመ ሶሌታ ሥር መግባት አንድ ነገር ነው፣ የተሸከመውን እንጨት ከሥሩ መንቀል ሌላ ነው። ኡርሚል ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረች፣ መዶሻ አነሳችና ገባች።

ጃግታር ተከተላት። «ማዳም፣ ከወደቀ ሪፖርቱን ማን ይጽፈዋል?»

«ማንም። ይምቱ ፓጂ፣ ከመሀል ይጀምሩ፣ ወደ ዳር እየሄድን እንገናኛለን።»

ከመሀል ጀመሩ። አንድ ድጋፍ ወደቀ፣ ሌላው ወደቀ። ከላያቸው አርማታው ትንሽ ድምፅ አሰማ፤ ሁለቱም መዶሻቸውን እንደያዙ ደረቁ። ክብደቱን በራሱ መሸከም ሲጀምር የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ኡርሚል ይሄን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ከሥሩ ቆማ ግን ሰምታው አታውቅም። ሌላ ድምፅ አልመጣም። የጃርካንድ ልጆች አንድ በአንድ ገብተው የቀሩትን ነቀሉ። ሲያልቅ ሁሉም ወደ ዳር ወጡና ወደ ኋላ ዞሩ። ከዳር እስከ ዳር ከሥሩ ምንም የለም፤ ሶሌታው ብቻውን ቆሟል።

ኡርሚል ልታርፍ ገና ስትቀመጥ ከባኖቲ በኩል ሻንክሪ ጥቅል ነገር በጀርባዋ አዝላ ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ አየቻት። ሮጣ ወጣች።

«እማማ፣ አይቻልም። የእጅ መደገፊያው ገና አልቆመም። ሰው የሚሻገረው እሱ ከቆመ በኋላ ነው።»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን በመደገፊያ አይደለም የተሻገርኩት» አለች ሻንክሪ፣ እግሯንም አነሳች።

በሥራዋ ከተራው የወጣ ነገር አሳልፋ የማታውቀው ኡርሚል ይሄን ጊዜ አልከለከለችም። ጫፉ በኩል ሆነች፣ የአሮጊቷን ክንድ ያዘችና ጎን ለጎን ተራመዱ። ከሥራቸው ጉንጊ ቡናማ ሆና ታጉረመርማለች። ሻንክሪ ወደ ታች አላየችም። ማዶ ሲደርሱ ክንዷን አስለቀቀች፣ ጥቅሏን አስተካከለች፣ ምስጋና የሚመስል ነገር አልወጣትም። ወደ ልጇ ቤት የሚወስደውን መንገድ ጀምራ አንዴ ብቻ ዞረች።

«ማታ እመለሳለሁ» አለች። «ላም አለብኝ፣ የማልባት።»

በክረምት ጉንጊን ተሻግሮ ማታ እመለሳለሁ ያለ የባኖቲ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ኡርሚል እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።